ዎርክሾፕ ይሻላል ወይስ ሌክቸር? የትምህርት ምርምር ጉባኤ ለምትሄዱ የምርጫ መመሪያ

የጉባኤው ፕሮግራም ወጥቷል። ፒዲኤፉ መቶ ምናምን ገጽ ነው። ከዋናው ጉባኤ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ዎርክሾፖች ተደርድረዋል። በመክፈቻው ጠዋት አንዲት ስመ ጥር ፕሮፌሰር ቁልፍ ንግግር ታደርጋለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በአንድ ምሁር ስም የተሰየመ የመታሰቢያ ሌክቸር አለ። ሁሉም ያጓጓል። ግን ሰውም አንድ፣ ቀኑም አንድ፣ ኪሱም አንድ ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ሲገጥመው በስም ይመርጣል። የሚያውቀውን ስም ያያል፣ ያከብባል፣ ይመዘገባል። ሙሉ በሙሉ መጥፎ ዘዴ ነው ባይባልም ብዙ ጊዜ ያስከፍላል። የእኔ ምክር ስም ከማየታችሁ በፊት ሥራችሁ የት ላይ እንደቆመ እዩ ነው። ዳታ ሰብስባችሁ ትንተናው አልሄድ ካላችሁ ዎርክሾፕ ይሻላችኋል። ገና ምን እንደምትጠይቁ ካልጠራላችሁ ሌክቸር ይሻላችኋል። የቀረው ዝርዝር ነው። ሰው የሚሸወደው ግን ዝርዝሩ ላይ ነው።

እያንዳንዱ ምን ይጠይቃል?

ሌክቸር አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ 10 ወይም 15 ደቂቃ ለጥያቄ ይተዋል። ክፍያው በጉባኤው ምዝገባ ውስጥ የተካተተ ነው። ተዘጋጅቶ መምጣት አይጠበቅባችሁም፤ ገብቶ መቀመጥ ነው። ካልጣማችሁ ደግሞ ቀስ ብሎ መውጣት አለ። በር አጠገብ መቀመጥ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ዎርክሾፕ ግማሽ ቀን ወይም ሙሉ ቀን ይፈጃል። ብዙ ጊዜ ለብቻው ይከፈልበታል። ቦታው ውስን ስለሆነ ምዝገባውም ቶሎ ይዘጋል። ላፕቶፕ፣ ሶፍትዌር፣ አንዳንዴም አስቀድሞ የሚነበብ ጽሑፍ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1916 የተመሠረተው የአሜሪካ የትምህርት ምርምር ማኅበር፣ ለምሳሌ፣ ከዓመታዊ ጉባኤው ጋር የሙያ ማሻሻያ ኮርሶችን በተጨማሪ ክፍያ ይሰጣል። የአውሮፓ የትምህርት ምርምር ማኅበር ደግሞ ከዋናው ጉባኤ ቀደም ብሎ ለጀማሪ ተመራማሪዎች የተለየ ጉባኤ ያዘጋጃል። በመማርና በማስተማር ምርምር ላይ ያተኮረው ኧርሊ የተባለው የአውሮፓ ማኅበርም ለጀማሪዎች የተለየ መድረክ አለው። የኧርሊ ዋና ጉባኤ የሚካሄደው በየሁለት ዓመቱ ነው። እዚያ አንድ ዎርክሾፕ ካመለጣችሁ ቀጣዩ ቅርብ አይደለም፤ ምዝገባው ሲከፈት ንቁ።

ሌክቸርን አትናቁት

"ሌክቸር ምን ይሠራል፣ በኋላ ዩቲዩብ ላይ አየው የለ" የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። ቀሪውን ግማሽ ለማየት ግን ይህ የምርምር ዘርፍ ስንቱን ሐሳብ ከመድረክ ላይ እንዳገኘ ማስታወስ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ1985 ሊ ሹልማን የአሜሪካው ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። በዚያ ዓመት ባደረገው የፕሬዚዳንት ንግግር አንድ የጎደለ ነገር ጠቆመ። ተመራማሪዎች መምህሩ ክፍሉን እንዴት እንደሚይዝ ያጠናሉ፤ የሚያስተምረውን ትምህርት እንዴት እንደሚያውቀውና ለተማሪ እንዴት እንደሚተነትነው ግን ዘንግተዋል አለ። ሒሳብ ማወቅ አንድ ነገር ነው። ተማሪ ክፍልፋይ ላይ የት እንደሚደናቀፍ ማወቅና የትኛው ምሳሌ እንደሚያወጣው መለየት ሌላ ነገር ነው። ንግግሩ በቀጣዩ ዓመት በማኅበሩ መጽሔት ታተመ። ከዚያ በኋላ በመምህራን ትምህርት ላይ የተሠራ ስፍር ቁጥር የሌለው ጥናት ከዚያው ሐሳብ ይነሳል።

ግሎሪያ ላድሰን ቢሊንግስ እ.ኤ.አ. በ2006 በዚያው ማኅበር የፕሬዚዳንት ንግግሯ ሌላ ነገር አደረገች። ሰው ሁሉ በነጭና በጥቁር ተማሪዎች መካከል ስላለው የውጤት ልዩነት ያወራ ነበር። እሷ ከመንግሥት በጀት ምሳሌ ወሰደች። የአንድ ዓመት ጉድለት አለ፤ ዓመት በዓመት የተጠራቀመ ዕዳም አለ። እኛ የምንቆጥረው ጉድለቱን ነው፤ ዋናው ጉዳይ ግን በታሪክ፣ በኢኮኖሚና በፖለቲካ የተከመረው ዕዳ ነው አለች። በአንድ ንግግር የውይይቱ ቋንቋ ተለወጠ። በእንግሊዝም የትምህርት ምሁሩ ዴቪድ ሃርግሪቭስ እ.ኤ.አ. በ1996 ባደረገው ሌክቸር የትምህርት ምርምር እንደ ሕክምና ምርምር ለባለሙያው ሥራ የሚበጅ ዕውቀት አያጠራቅምም ብሎ ተናገረ። ብዙ ሰው ተቆጣ፣ መልስ ተጻፈ፣ ክርክሩም ለዓመታት ዘለቀ።

ከሦስቱም የሚታየው ነገር አንድ ነው። ጥሩ ሌክቸር የምትሠሩበትን ዘዴ አያስተምራችሁም፤ የምትጠይቁትን ጥያቄ ይቀይርባችኋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ ላይ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዳታውን ጨርሶ ምዕራፍ አራት ላይ ለተቀረቀረ ሰው ግን አደገኛም ሊሆን ይችላል። በስድስት ወር ውስጥ ማስረከብ ያለበት ሰው አዲስ ጥያቄ ይዞ ሲመለስ አማካሪው ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።

ጥሩ ተናጋሪ ሲያታልል

ሌክቸር ስትመርጡ አንድ ወጥመድ አለ። ደስ ማለቱን ከመማር ጋር ማምታታት።

እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ አንድ ታዋቂ ሙከራ አለ። ተመራማሪዎቹ አንድ ተዋናይ ቀጠሩ። "ዶክተር ፎክስ" አሉት፣ አስደናቂ የትምህርትና የሥራ ታሪክ ፈጠሩለት። ርዕሱ የጌም ቲዎሪ ሒሳብ በሐኪሞች ትምህርት ውስጥ ስላለው ቦታ ነበር። ተዋናዩ ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው ነገር የለም። እርስ በርሱ የሚጋጭ፣ ፈጠራ ቃል የበዛበት፣ ግን በቀልድና በሞቅታ የታጀበ ንግግር አደረገ። ጥያቄም በዚያው ስልት መለሰ። አድማጮቹ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችና የትምህርት ሰዎች ነበሩ። በመጠይቁ ላይ አብዛኞቹ ጥሩ ነጥብ ሰጡት፤ ሐሳብ እንደጫረባቸውም ጻፉ። እነዚህ ያልተማሩ ሰዎች አልነበሩም። እንደ እኔና እንደ እናንተ ማስታወሻ የሚይዙ ናቸው።

ሁለተኛው ጥናት ይበልጥ ይቆረቁራል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፊዚክስ ኮርስ ላይ የተሠራ ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። አንዱ ቡድን በጥሩ መምህር ጥርት ያለ ሌክቸር ሰማ። ሌላው ተመሳሳይ ይዘት በቡድን እየሠራ፣ እየተሳሳተ፣ እየታረመ ተማረ። በፈተና የበለጡት የሠሩት ናቸው። "ብዙ ተምሬያለሁ" ያሉት ግን ሌክቸር የሰሙት ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እጅ ሲገባበት ሥራው ይከብዳል፤ ሲከብድ ደግሞ ሰው ያልገባው ይመስለዋል። ሌክቸር ሲፈስ ሁሉም ነገር የገባን ይመስለናል።

ከሃርቫርዱ ጥናት በፊት እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ትልቅ ትንተናም 225 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ ነበር። በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ነክ የዩኒቨርሲቲ ኮርሶች በተለመደው ሌክቸር የተማሩት 33.8 በመቶ ያህሉ ሲወድቁ፣ ተማሪው ራሱ በሚሳተፍበት ክፍል የወደቁት 21.8 በመቶ ነበሩ። እነዚህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች እንጂ የጉባኤ ተሳታፊዎች አይደሉም፤ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም። ግን እነዚህን ጥናቶች በየጽሑፋቸው የሚጠቅሱት የትምህርት ተመራማሪዎች ራሳቸው ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጠው ስላይድ ማየታቸው ፈገግ ያሰኛል።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት ጉባኤ የተሰጠ የእርካታ ነጥብ አይታችሁ ብቻ አትምረጡ። "ተናጋሪዋ ድንቅ ነበረች" ማለት ድንቅ ነበረች ማለት ብቻ ነው።

ዎርክሾፕ ውስጥ ምን ይሠራል?

አሁን አንድ የቃለ መጠይቅ ትንተና ዎርክሾፕ ውስጥ እንግባ። ሁለት ተሳታፊዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፊታቸው ከአንድ መምህር ቃለ መጠይቅ የተወሰዱ 20 ዓረፍተ ነገሮች አሉ። ሥራው ቀላል ይመስላል። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር "ስለ ተማሪ" ወይም "ስለ ራስ" ብሎ መመደብ ነው። "ልጆቹ ዝም ሲሉ ይጨንቀኛል" የሚለው ላይ ሲደርሱ ይጋጫሉ። አንዷ ስለ ተማሪ ነው ትላለች፤ ዝም ያሉት እነሱ ናቸው። ሌላው ስለ ራስ ነው ይላል፤ የጨነቀው መምህሩ ነው።

ሲጨርሱ ይቆጥራሉ። 14ቱ ላይ ተስማምተዋል። 70 በመቶ! ደስ ይላል። አሠልጣኟ መጥታ ወረቀቱን ታያለች። ሁለቱም አሥሩን ለዚህ፣ አሥሩን ለዚያ ነው የመደቡት። እንዲያ ከሆነ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢመድቡም በግምት ግማሹ ላይ ይገጥሙ ነበር። የኮኸን ካፓ የሚባለው መለኪያ ይህን በአጋጣሚ የሚገኝ ስምምነት ይቀንሳል። 0.70 ሲቀነስ 0.50፣ ያ ለቀሪው 0.50 ሲካፈል 0.40 ይመጣል። ይህን ይዞ መጽሔት በር ማንኳኳት ከባድ ነው።

ከዚያ ነው እውነተኛው ሥራ የሚጀመረው። ሁለቱ ሰዎች የተለያዩባቸውን ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ያወጣሉ። የምድቡን ትርጉም እንደገና ይጽፋሉ፤ "ዓረፍተ ነገሩ የመምህሩን ስሜት ከጠቀሰ፣ ምክንያቱ ተማሪ ቢሆንም፣ ስለ ራስ ይመደብ" የሚል ደንብ ያወጣሉ። በሌላ ጽሑፍ ላይ ይሞክሩታል። ይህን ሁሉ ሌክቸር ላይ በሦስት ስላይድ መስማት ይቻላል። ካፓ ምን እንደሆነም ትጽፋላችሁ። ግን ያ ክርክር፣ "ለምንድነው ይህን እንደዚህ የመደብሽው?" የሚለው ጥያቄ፣ ጽሑፋችሁን ገምጋሚ ሲያየው የሚጠይቃችሁ ራሱ ነው። አንድ ጊዜ በአፍ መልሳችሁት ከሆነ በጽሑፍ መመለሱ አይከብድም።

ሌላ ምሳሌ ከቁጥሩ ወገን። ኦኢሲዲ የተባለው የአገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት በብዙ አገሮች ለ15 ዓመት ተማሪዎች የሚሰጠው የፒሳ ፈተና ዳታ በነፃ ይወርዳል። ብዙ ተማሪ ያወርድና ይደነግጣል፤ ለአንድ ተማሪ አንድ የሒሳብ ውጤት የለም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ባሉት ዙሮች ለእያንዳንዱ ተማሪ በየትምህርቱ 10 ግምታዊ ውጤቶች ተቀምጠዋል። ተማሪው ከጠቅላላው ጥያቄ የተወሰነውን ብቻ ስለሚሠራ ችሎታው በግምት ነው የሚቀመጠው። ፋይሉ ላይ ደግሞ የናሙናውን ስህተት ለማስላት የሚያገለግሉ 80 ተጨማሪ ክብደቶች አሉ። ፈጣኑ ሰው አሥሩን አማካይ ያወጣና በአንድ ውጤት ይሠራል። ቁጥሩ ያምራል፣ እርግጠኛነቱ ግን ከልክ በላይ ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ ትንተናውን ለአሥሩም ለየብቻ ሠርቶ ውጤቱን ማጣመር ነው። ይህን በንግግር ሰምቶ ቤት ገብቶ ብቻውን ሊሠራ የሚሞክር ሰው ብዙ ምሽት ይቃጠልበታል። አሠልጣኝ አጠገቡ ሲቆም ግን በግማሽ ቀን ይጀምራል፤ ከኮዱ ላይ ቀይ መልእክት ሲመጣም የሚጠይቀው ሰው አለው።

ስሙ ዎርክሾፕ፣ ግብሩ ሌክቸር

እውነቱን ለመናገር "ዎርክሾፕ" ተብሎ የሚቀርበው ሁሉ ዎርክሾፕ አይደለም። ሦስት ሰዓት ስላይድ ታይቶ መጨረሻ ላይ "ለአምስት ደቂቃ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ተወያዩ" የሚባልበት ብዙ አለ። ተጨማሪ ገንዘብ የተከፈለበት ሌክቸር ማለት ነው። ከሁሉም ምርጫ የከፋው ይኼ ነው። የሌክቸር ነፃነት የለውም፣ የዎርክሾፕ ሥራም የለውም።

መግለጫውን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ለንጽጽር ያህል እኔ የጻፍኳቸውን ሁለት መግለጫዎች እዩ። አንደኛው፦ "ተሳታፊዎች ስለ ቅይጥ የምርምር ዘዴ ጥልቅ ግንዛቤ ያገኛሉ፤ ወቅታዊ አዝማሚያዎችንም ይቃኛሉ።" ሁለተኛው፦ "ተሳታፊዎች ከራሳቸው ዳታ ሁለት ገጽ ቃለ መጠይቅና አንድ ሠንጠረዥ ይዘው ይመጣሉ። ሁለቱ የሚስማሙበትንና የሚጋጩበትን በአንድ ገጽ ይጽፋሉ። ጽሑፉ በቡድን ይገመገማል።" በመጀመሪያው ውስጥ እጅ የሚነካው ነገር የለም። ግንዛቤ፣ አዝማሚያ፣ ቅኝት ብቻ ነው። በሁለተኛው ምን ይዛችሁ እንደምትገቡና ምን ይዛችሁ እንደምትወጡ ታውቃላችሁ። ሁለተኛውን የጻፈው ሰው ስሙ ባይታወቅ እንኳ እኔ እሱ ጋ ነው የምመዘገበው።

ጥርጣሬ ካላችሁ ለአዘጋጁ አጭር ኢሜይል ጻፉ። ስንት ሰው ይገባል? ከአሠልጣኙ ሌላ የሚረዳ ሰው አለ? ዳታው ከእኛ ነው ከእናንተ? መሥሪያ ፋይሎቹ ከጉባኤው በኋላ ይቀሩልናል? 60 ሰው፣ አንድ አሠልጣኝ፣ የሶፍትዌር ሥልጠና ከተባለ ተጠራጠሩ። አንድ ሰው ሶፍትዌሩ እንቢ ሲለው ክፍሉ ሁሉ ይጠብቃል። ፕሮግራሙን ጭናችሁና ሞክራችሁ ሂዱ የምትባሉትም ለዚህ ነው። የጉባኤ ዋይፋይ ላይ ትልቅ ፋይል ለማውረድ ያሰበ ሰው የዋህ ነው።

የሚጠበቅባችሁን ቅድመ ዕውቀትም አትዝለሉት። "መሠረታዊ ሪግሬሽን የሚያውቁ" ከተባለ፣ ማለትም አንድ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ግንኙነት በቁጥር የሚያሰላውን ዘዴ፣ በእውነት የሚያውቁ ማለት ነው። ተደራራቢ ሞዴል፣ ማለትም ተማሪ በክፍል፣ ክፍል በትምህርት ቤት ውስጥ የሚታይበትን ትንተና፣ ሪግሬሽን ሳያውቁ ሊማሩ የሚገቡ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይውላሉ። ለእነሱ በዚያ ርዕስ ላይ የሚሰጥ የአንድ ሰዓት ሌክቸር ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። ዘዴው ለምን እንዳስፈለገ ከገባቸው በሚቀጥለው ዙር ይመለሱበታል።

ማን ምን ይምረጥ?

የዶክትሬት ተማሪ ከሆናችሁና ፕሮፖዛል ላይ ካላችሁ አንድ ሌክቸርና አንድ የግማሽ ቀን ዎርክሾፕ ይበቃል። ሌክቸሩ ከርዕሳችሁ ትንሽ ራቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል። የራሳችሁን ርዕስ ጽሑፎች አንብባችኋል፤ ከጎን ያለው ዘርፍ ምን እንደሚጠይቅ ግን አታውቁም። ዎርክሾፑ ደግሞ ልትጠቀሙበት ባሰባችሁት ዘዴ ላይ ይሁን። አማካሪያችሁ የሚወደው ዘዴ ስለሆነ ብቻ አትመዝገቡ። ይህ ብዙ ሲደረግ አያለሁ፤ ሰርተፍኬቱ ይመጣል፣ ዘዴው ግን ጽሑፉ ውስጥ አይታይም።

ዳታ በእጃችሁ ካለ ነገሩ ቁርጥ ነው። ዎርክሾፕ። የሚቻል ከሆነ የራሳችሁን ዳታ የምትሠሩበትን ምረጡ። የተሳታፊዎቻችሁ ስምና መለያ ከፋይሉ መውጣቱን ብቻ አረጋግጡ፤ ፈቃድ የሰጧችሁ ለእናንተ እንጂ ለማታውቋቸው ሰዎች አይደለም።

ክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህር ጉባኤ ሲመጣ ጉዳዩ ይለያል። ሌክቸሮቹ ብዙ ጊዜ ለተመራማሪ የተጻፉ ናቸው። ማስረጃውና ክርክሩ እንጂ ነገ ጠዋት ምን ላድርግ የሚለው መልስ አይገኝበትም። የክፍል ምልከታ መሣሪያ ወይም የተማሪ ሥራ ትንተና ላይ ያተኮረ ዎርክሾፕ ካለ እሱን ልያዝ ቢል አይቆጭም። የመክፈቻው ንግግር ላይ መገኘት ግን ክፋት የለውም።

በትምህርት ቢሮ ወይም በፖሊሲ ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች ደግሞ ሚዛኑ ወደ ሌክቸር ያጋድላል። ዳታ ራሳቸው አይተነትኑም፤ የሌላውን ሪፖርት ነው የሚመዝኑት። ለእነሱ ሐሳቡ የሚጠቀምባቸውን ቃላትና የክርክሩን መስመር ማወቅ ይቀድማል። ልምድ ያላቸው ፕሮፌሰሮችን በተመለከተ ደፈር ልበልና፣ ዎርክሾፕ ውስጥ ከተማሪ ጎን ቢቀመጡ ጥሩ ነው። ዘዴዎቹ እነሱ ከተማሩ ወዲህ ብዙ ተቀይረዋል።

ገንዘብ፣ ቀንና ጉልበት

የዎርክሾፕ ክፍያ ብቻውን አይመጣም። ከዋናው ጉባኤ በፊት ስለሚሆን አንድ ሌሊት ሆቴል ይጨምራል። በረራውንም ቀደም ማድረግ ይኖርባችኋል። መሥሪያ ቤታችሁ ወጪውን የሚሸፍን ከሆነ ዎርክሾፑ በፈቃድ ደብዳቤው ላይ እንዲጻፍ አስደርጉ፤ በኋላ "ይኼ ከጉባኤው ውጭ ነው" የሚል የሒሳብ ሠራተኛ እንዳይገጥማችሁ። ሰርተፍኬት የሚጠይቅ መሥሪያ ቤትም አለ። ሰርተፍኬቱ የሚያረጋግጠው መቀመጣችሁን ነው፤ ቢሆንም ከተጠየቃችሁ ያዙት።

ጉልበትም ይቆጠራል። ረጅም በረራ አድርጋችሁ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሙሉ ቀን ዎርክሾፕ መግባት ለራስ መጨከን ነው። ግማሽ ቀኑን ምረጡ። ወይም አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ። ሌላም አለ፤ የራሳችሁን ጥናት የምታቀርቡበት ቀን ዋዜማ ሙሉ ቀን አትያዙ። ስላይድ የማይነካካ አቅራቢ እስካሁን አልገጠመኝም።

ኦንላይን ሲሆንስ?

ሌክቸር ስክሪን ላይ ብዙ አይጎድልበትም። ቆም አድርጎ ማስታወሻ መያዝ ስለሚቻል እንዲያውም ይሻላል። የአሜሪካው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው የብራውን ዓመታዊ ሌክቸር ለሕዝብ ክፍት ነው። በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የዘር ክፍፍልን ሕገ ወጥ ያደረገው እ.ኤ.አ. የ1954 የብራውን የፍርድ ቤት ውሳኔ 50ኛ ዓመቱን ሲይዝ የተጀመረ ነው። እንዲህ ያሉ ሌክቸሮችን ከያሉበት ሆኖ መከታተል ይቻላል።

ዎርክሾፕ ኦንላይን ሲሆን በሁለት ይከፈላል። የሶፍትዌር ከሆነ በራሳችሁ ማሽን፣ በሁለት ስክሪን፣ ያለ ዋይፋይ ጭንቀት ስለምትሠሩ ይመቻል፤ ረዳቶች ካሉ ማለት ነው። የቃለ መጠይቅ ትንተና፣ የጽሑፍ ግምገማ ወይም የክፍል ምልከታ ከሆነ ግን በአካል መገኘትን የሚተካ የለም። ያ "ለምን እንደዚህ መደብሽው?" የሚለው ክርክር ማይክ እየተዘጋና እየተከፈተ አይሆንም።

መሐል ላይ ያሉት

ፖስተር፣ ክብ ጠረጴዛ፣ ሲምፖዚየም፣ ከመጽሔት አዘጋጆች ጋር የሚደረግ ውይይት፤ እነዚህም ፕሮግራሙ ላይ አሉ። ፖስተር ፊት አሥር ደቂቃ ቆሞ ከአቅራቢው ጋር ማውራት ከአንዳንድ ሌክቸር ይበልጣል። ከመጽሔት አዘጋጆች ጋር የሚደረገው ደግሞ ጽሑፍ ልትልኩ ከሆነ ብቻ ይጠቅማል፤ ገና ምንም ላልጻፈ ሰው የሚነገረው ሁሉ ድረ ገጻቸው ላይ አለ። ሲምፖዚየም ላይ አራት ሰው ሲያቀርብ የሚከታተሉት የመጨረሻውን ተወያይ ይጠብቁ። የተለያየውን የሚያገናኘው እሱ ነው።

የምትፈልጉት ዎርክሾፕና የምትፈልጉት ሌክቸር በአንድ ሰዓት ቢጋጩስ? ሌክቸሩ ይቀረጽ እንደሆነ ጠይቁ። የሚቀረጽ ወይም በኋላ በመጽሔት የሚታተም ከሆነ ዎርክሾፑ ይቀድማል። ጽሑፋችሁ ውስጥ የምትሞግቱት ሰው ራሱ ተናጋሪ ከሆነ ግን ወደ ሌክቸሩ ሂዱ፤ ጥያቄያችሁን አስቀድማችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ያዙ፣ ማይኩ አጠገብም ተቀመጡ።